ስምንት ጥማድ ሣር

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አሜሪካ፣ ቨርጂንያ ያለውን ቤታችንን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየች ዕለት ስለ ቤቱ ምንም አላለችም። በረንዳው ላይ ቆማ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለስ አድርጋ፣ ቁልቁል እስከ ኩሬው ድረስ ስታይ ቆየችና፣

«ይኼ ሁሉ ሣር የማን ነው?» አለችኝ።

«የኛ ነው፣ እማዬ።»

«ከብቶቹስ?»

«ከብት የለንም።»

ፀጥ አለች። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ሻንጣዋን ላስገባ ስል፣ «ታዲያ ለማን ብለህ አጨድከው?» አለች።

ለሷ ብዬ ነበር ያጨድኩት። ስትመጣ ግቢው አምሮ እንዲቆያት፣ ዋሽንግተን አጠገብ ደለስ ኤርፖርት ልቀበላት ከመሄዴ በፊት ከማለዳው አንድ ሰዓት ጀምሬ ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ ማሽኑ ላይ ተቀምጬ ነበር። እሷ ስትጠይቀኝ የሞተሩ ጩኸት ገና ከጆሮዬ አልወጣም።

እናቴ እንዲህ ያለችው አገሩን ስላላወቀች ብቻ አይደለም። ኮተቤ ሳለን ሁለት የፈረንጅ ላሞች ነበሯት፤ እኛን ያስተማረችን በወተት ነው። ክረምቱ ወጥቶ የሱሉልታ ድርቆሽ በአይሱዙ ተጭኖ ሲመጣ፣ ከማራገፉ በፊት አንድ እፍኝ መዝዛ ታሸት ነበር። ዝናብ የመታው ከሆነ በሽታው ታውቀዋለች፣ ሻጩም መታወቁን ያውቃል፣ ክርክሩ ከዚያ ይጀመራል። ፉርሽካና ፋጉሎ ሲወደድ ቤታችን ውስጥ የሚወራው እሱ ብቻ ነበር። ለእንዲህ ያለች ሴት፣ ታጭዶ እዚያው መሬት ላይ እንዲበሰብስ የሚተው ሣር ማየት፣ ልጇ ብር በትኖ ሲሄድ እንደማየት ነው።

ይህ ጽሑፍ ግን ስለ ሣር ማጨጃ ማሽን ነው። አሮጌውን ትቼ የተሻለ ለመግዛት ስለፈጀሁበት አንድ ዓመት፣ ስለተሳሳትኩት፣ በመጨረሻም ስለገዛሁት። እናቴ የገባችበት፣ ጥያቄዋ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጭንቅላቴ ስላልወጣ ነው።

ቤቱን የገዛነው በ2019 ነው፣ በፈረንጆቹ። እዚያው ቨርጂንያ ውስጥ፣ ከአሌክሳንድሪያ ከተማ አፓርታማ ወጥተን፣ ዋረንተን የምትባለውን ከተማ አለፍ ብሎ፣ አምስት ኤከር መሬት ላይ ያለ አሮጌ ቤት። ዘመድ ሁሉ «ምን ያህል ነው አምስት ኤከር?» ሲለኝ መልስ ያጣሁበት ጊዜ ነበር። ሁለት ሄክታር ነው ስል ለከተማ ልጅ ምንም አይነግረውም። በኋላ ስምንት ጥማድ እያልኩ መመለስ ጀመርኩ። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ገደማ ነውና ሒሳቡ ይገጥማል፤ ገጠር ያደገ ሰው ደግሞ ወዲያው ስንት ቀን እርሻ እንደሆነ ይታየዋል።

የሚገርመው ኤከርም ያው ጥማድ መሆኑ ነው። በጥንቱ እንግሊዝ አገር አንድ ሰው በበሬዎቹ በአንድ ቀን ሊያርሰው የሚችለው መሬት ማለት ነበር። እነሱ ከባድ ማረሻቸውን የሚያስጎትቱት እስከ ስምንት በሬ ጠምደው ስለነበር መሬቱ ከኛ ጥማድ ይሰፋል። ቅርጹ ደግሞ ጠባብና ረጅም ነው፤ ርዝመቱ 201 ሜትር፣ ወርዱ 20 ሜትር ብቻ። ለምን እንደዚያ ሆነ ቢባል፣ ስምንት በሬ ማጠፍ መከራ ነው። ቀጥ ብሎ መሄዱ ቀላል ነው፣ ድካሙ መዞሪያው ላይ ነው፤ ስለዚህ ዙሩ እንዲያንስ ትልሙን አስረዘሙት። ይህን ያነበብኩት ማሽን ከመግዛቴ ከረጅም ጊዜ በፊት ነው። ለኔ ጉዳይ ይጠቅማል ብዬ ግን አላሰብኩም፤ ያን ጊዜ የማስበው ስለ ፈረስ ጉልበት ነበር።

የቤቱ የቀድሞ ባለቤት ሰማንያ የደፈኑ ሽማግሌ ነበሩ። ሲወጡ ማጨጃቸውን በ400 ዶላር ተዉልኝ። እንደ ትንሽ ትራክተር ተቀምጠው የሚነዱት፣ መሪ ያለው፣ ቀይ ቀለሙ በፀሐይ ብዛት ወደ ብርቱካን የሄደ ማሽን። ከሆዱ ሥር ቢላዎቹ የሚሽከረከሩበት የብረት ሽፋን አለ፤ እዚህ ዴክ ይሉታል። የሱ ስፋት 42 ኢንች ነው፤ በአንድ ምልልስ አንድ ሜትር ከምናምን ያጭዳል ማለት ነው። ለግማሽ ኤከር ግቢ የተሠራ ዕቃ ነበር። እኔ ሦስት ኤከር ተኩል አሳጨድኩት፤ የቀረው ጫካና ቤት ነው።

የመጀመሪያው ጸደይ ላይ አልነሳ አለ። ለካ ክረምቱን ሙሉ ቤንዚን ውስጡ ትቼበት ኖሯል። የዚህ አገር ቤንዚን ኤታኖል የተቀላቀለበት ነው፤ ለወራት ሲቀመጥ ይበላሽና የካርቡራቶሩን ቀጭን ቀዳዳ በሙጫ ይደፍነዋል። ልጅ ሆኜ ትምህርት ሲዘጋ ካዛንቺስ አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ ስላላክ እውል ስለነበር ፈትቼ ማጠቡ አላስፈራኝም። ያስቸገረኝ ቃሉ ነው። ቺንጊያው ተበጥሶ መለዋወጫ ቤት የሄድኩ ቀን፣ ባንኮኒው ጋ ስደርስ አፌ ላይ የመጣው «ቺንጊያ» ብቻ ሆነ። ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ፍሪሲዮን፣ ክሪክ፤ የማውቀው የመኪና ቋንቋ በሙሉ የአዲስ አበባ ጋራዥ ጣሊያንኛ ነው። አሜሪካ ሃያ ዓመት ኖሬም እጄ ግራሶ ሲነካ እንግሊዝኛው ይጠፋኛል። በመጨረሻ የተበጠሰውን ከኪሴ አውጥቼ ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁት።

በአንድ በጋ ሁለት ቺንጊያ። ቀጥሎ የግራው ቢላ ኩሽኔታ ማልቀስ ጀመረ። ዴክውን በክሪክ አንስቼ ከሥሩ ሳየው፣ እርጥብ ሣር ለዓመታት ተጋግሮበት ብረቱን በልቶት ጣቴ የሚያልፍ ቀዳዳ ተከፍቷል። ይህን ሁሉ ቻልኩት። ያልቻልኩት ዳገቱን ነው።

እንደነዚህ ያሉት ማሽኖች ማርሽ የላቸውም። ሞተሩ ፓምፕ ያዞራል፣ ፓምፑ ዘይት ይገፋል፣ ዘይቱ ጎማውን ያዞራል። ሲሠራ ደስ ይላል፤ እግርህን ጫን ስታደርግ ይሄዳል፣ ስታነሳ ይቆማል። ዘይቱ በጣም ሲግል ግን ይቀጥናል፣ ተበልቶ በሰፋው የፓምፕ ክፍተት ሾልኮ ይመለሳል፣ ጉልበቱ ወደ ጎማው አይደርስም። ርካሾቹ ላይ ደግሞ ዘይቱን ለመቀየር እንኳ መክፈቻ አይሠሩላቸውም። ስለዚህ የኔው ማሽን ጠዋት ላይ ጎረምሳ፣ ሁለት ሰዓት ከሠራ በኋላ ሽማግሌ ነበር።

ልጃችን ከሁለተኛ ደረጃ የተመረቀች ዕለት ስልሳ ሰው ጠርተናል። ሣሩን ያሳደርኩት ሆን ብዬ ነው፣ የዚያኑ ቀን ጠዋት አጭጄው ትኩስ እንዲሆን። ሁለት ሦስተኛውን ጨርሼ ከኩሬው ወደ ላይ ስወጣ ማሽኑ ዝግ አለ፣ ዝግ አለ፣ ከዚያ ቆመ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ቢላው ይዞራል፣ ጎማው ግን አይንቀሳቀስም። ከኋላ ያለውን ማላቀቂያ ስቤ ከልጄ ጋር እየገፋን አወጣነው፤ ልጅቷ የምርቃት ፀጉሯን ተሠርታ፣ ፊቷን አጨማድዳ። እንግዶች ሲደርሱ ግቢው ግማሽ ራሱን ተላጭቶ ምላጩ የጠፋበት ሰው ይመስል ነበር። መኪና ያቆሙት ባልታጨደው በኩል ነው። ምሳ ላይ የባለቤቴ አክስት ከቀሚሳቸው ጥለት ላይ አንድ ነገር ለቅመው በሁለት ጣታቸው ይዘው አሳዩኝ።

«ልጄ፣ መዥገር እዚህም አለ እንዴ?»

መንዝ ትተውት የመጡ መስሏቸው ነበር። እዚህ ያለው ደግሞ ላይም የሚሉትን በሽታ የሚያስተላልፍ ዓይነት ሊሆን ይችላልና ቀኑ ሙሉ ሰው ሁሉ ባቱን ሲያይ ዋለ። ያን ማታ ሳህን እያጠብን ባለቤቴን «አዲስ እገዛለሁ» አልኳት። «ቶሎ» አለች።

ጓደኞቼ የመከሩኝ ሌላ ነው። ሰው ቅጠር። አንድ አጫጅ ጠርቼ ሲያይ ለአንድ አጨዳ 180 ዶላር አለኝ። ከሚያዝያ እስከ ኅዳር መግቢያ ሃያ ስድስት ጊዜ ያህል እናጭዳለንና በዓመት 4,680 ዶላር ይመጣል። ለአንድ ዓመት ተኩል የምከፍለው ብር ጥሩ ማሽን ይገዛልኛል ማለት ነው። ሒሳቡ ይህ ነው ብዬ ለሁሉም አስረዳሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ሒሳቡ ሌላ ቢሆንም እገዛ ነበር። ሰው ሲነዳው ቆሜ ማየት አልችልም።

ከዚያ የመረጃ ወራት መጡ። ማታ ማታ ቪዲዮ እያየሁ፣ 18 የፈረስ ጉልበት ከ24 ጋር እያወዳደርኩ። የካዋሳኪ ሞተር ነው ወይስ የኮለር? እዚህ ላይ ያሳፈረኝን ነገር ልንገራችሁ። የዴኩ ብረት ውፍረት በቁጥር ይጻፋል፤ 10፣ 11፣ 13 እያለ። እኔ 13 ከ10 ይሻላል ብዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀጭኑን ስመርጥ ከርሜያለሁ። የላሜራ ቁጥር ግን ተገላቢጦሽ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ብረቱ ይወፍራል። ጋራዥ ያደገ ሰው ይህን መሳት አልነበረበትም። ካወቅኩ በኋላ ልዩነቱን ለማየት መደብሩ ድረስ ሄጄ በጣቴ አንኳኳሁ። ርካሹ እንደ ሳፋ ከአንድ ቆርቆሮ ተጨፍልቆ የወጣ ነው፣ ድምፁም የሳፋ ነው። ሌላው ወፍራም ላሜራ ተቆርጦ በብየዳ የተገጣጠመ ነው፣ ሲመታ አይጮኽም።

እውነተኛ ትራክተርም አማረኝ። ብርቱካናማ ኩቦታ፣ ከፊቱ አካፋ ያለው፣ ዋጋው አዲስ መኪና የሚያክል። ባለቤቴ ፎቶውን አይታ፣ «አንተ የምትፈልገው ሣር ማጨድ ነው ወይስ ገበሬ መባል?» አለችኝ። መልሼ አልከፈትኩትም።

ነገሩን ያስተካከለልኝ አንድ ሻጭ ነው። መደብሩን አልጠቅስም፣ ሰውየው ግን እንደ ሻጭ አልነበረም። ባለ 60 ኢንቹን ስጡኝ ብዬ ስገባ፣ ሦስት ነገር ጠየቀኝ። መሬትህ ላይ ስንት ዛፍ አለ? ከሁሉ የሚከፋው ቁልቁለትህ ስንት ዲግሪ ነው? ማሽኑ የሚያድርበት ቤት በር ምን ያህል ይሰፋል? ሦስቱንም አላውቅም። አራት ዓመት ያጨድኩት መሬት ነው። «ሄደህ ለካ፣ ከዚያ ተመለስ፤ ማሽኑ የትም አይሄድም» አለኝ።

ዛፎቹን ቆጠርኩ፣ 31። ሽማግሌው በየልደቱ አንድ አንድ ይተክሉ የነበረ ይመስል፣ ሜዳው ላይ ያለ ሥርዓት ተበትነዋል። ሰዓት ይዤ በአሮጌው ማሽን (ከተጠገነ በኋላ፣ ጠዋት በጉልበቱ ሳለ) አንድ የሜፕል ዛፍ ዙሪያ አጨድኩ። አንድ ጊዜ መዞር አይበቃም። መሪው የሚያጥፈው በሰፊው ስለሆነ ጥግ ጥጉ ይቀራል፤ ወደ ኋላ ትመለሳለህ፤ ወደ ኋላ ስትል ደግሞ ልጅ ከኋላ እንዳይገባ ተብሎ ቢላው እንዲጠፋ ተደርጎ ስለተሠራ፣ ማለፊያውን ቁልፍ ካልተጫንክ ሞተሩ ቀጥ ይላል። ይህንን ጥንቃቄ አልነቅፍም። የቢላው ጫፍ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው የሚዞረው፤ የአካባቢውን ልጆች ማሽኑ ሲነሳ በረንዳ ላይ እንዲወጡ ያስለመድኳቸውም ለዚያ ነው። ብቻ ያቺን አንድ ዛፍ ዞሬ ስጨርስ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ። በሠላሳ አንድ ሲባዛ ሃምሳ ደቂቃ አለፈ።

ወረቀቱን ትክ ብዬ አየሁት። ከሦስት ሰዓት ተኩሉ አንድ ሰዓት የሚጠጋው ዛፍ መዞሪያ ነው። ጉልበት ቢጨመር፣ ስፋት ቢጨመር፣ ይህችን ሃምሳ ደቂቃ የሚነካት የለም። ያን ጊዜ ነው የእንግሊዞቹ ስምንት በሬ ትዝ ያለኝ።

መሪ የሌለውን ማሽን እዚህ ዚሮ ተርን ይሉታል። በ1940ዎቹ መጨረሻ ሚዙሪ ውስጥ ተጀምሮ በ1960ዎቹ ካንሳስ ውስጥ የዳበረ ነው። በመሪ ፋንታ ሁለት ዘንጎች አሉት፤ የግራው የግራውን የኋላ ጎማ፣ የቀኙ የቀኙን ያዛል፣ እያንዳንዱ ጎማ የራሱ ፓምፕ አለው። ሁለቱን እኩል ወደፊት ስትገፋ ቀጥ ይላል። አንዱን ገፍተህ ሌላውን ስትስብ ባለበት ይሽከረከራል። የፊቶቹ ጎማዎች እንደ ሱፐርማርኬት ጋሪ ጎማ ዝም ብለው የሚከተሉ ናቸው። ሻጩ ከመደብሩ ጀርባ ሣር ላይ አስነዳኝ፤ አንድ በርሜል ዙሪያ ሃያ አምስት ሰከንድ አልፈጀብኝም።

ዝም ብዬ ልከፍል ነበር። እሱ ግን ቁልቁለቱን አልረሳም።

ቁልቁለቱን የለካሁት በጣውላና በስልክ ነው። ወደ ኩሬው የሚወርደው ተዳፋት ላይ አንድ ሜትር ተኩል ጣውላ አስተኝቼ ስልኬን አስቀመጥኩበት። 17 ዲግሪ። ከነዚህ ማሽኖች ጋር የሚመጣው መመሪያ 15 ካለፈ አትውጣ ይላል። ምክንያቱን ሻጩ በሁለት እጁ አሳየኝ። የሚያዙትም የሚቆሙትም በኋላ ጎማዎች ብቻ ነው፤ እርጥብ ሣር ላይ የኋላው ከተንሸራተተ መሪም የለህም፣ ፍሬንም የለህም፤ የፊቱ ጎማ ወደ ፈለገው ይሄዳል። የኔው ቁልቁለት ደግሞ መጨረሻው ውሃ ነው። ከመቀመጫው ኋላ የቆመው ብረት ሲገለበጥ እንዳይጨፈልቅህ ነው፣ ቀበቶ ካሰርክ። ውሃ ውስጥ ግን ቀበቶው ራሱ ጠላት ነው።

«ታዲያ ያንን ቦታ በምን ልጨደው?» አልኩት።

«ለምንድን ነው የምታጭደው?» አለኝ።

እናቴ ነገረችው እንዴ አልኩ በልቤ።

ያን ቀን ሳልገዛ ተመልሼ መሬቱን በእግሬ ዞርኩት። እንደ ማሽን ነጂ ሳይሆን ኮተቤ እንዳደገ ሰው ለማየት ሞከርኩ። ኩሬው ዳር ያለውን ተዳፋት ማንም አይቀመጥበትም፣ ማንም አይጫወትበትም። ከጫካው ጋር የሚዋሰነው አንድ ኤከር ሜዳም እንዲሁ ነው፤ ከአጨዳ በስተቀር እዚያ ሄጄ አላውቅም። የማጭደው ሽማግሌው ያጭዱት ስለነበር ነው። ሣርን ለዓይን ብቻ ብሎ ማሳጠር የእንግሊዝ መኳንንት ወግ ነው፤ ይህን ያህል መሬት አለኝ፣ ከብት እንኳ አላሰማራበትም ለማለት። በ1830 ኤድዊን በዲንግ የሚባል ሰው ስትራውድ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ የመጀመሪያውን ሣር ማጨጃ ሲሠራ ሐሳቡን ያገኘው ከጨርቅ ፋብሪካ ነው፤ የሱፍ ጨርቅ ላይ ያለውን ጭገር ከሚላጭ ማሽን። እና እኔ ቨርጂንያ ውስጥ፣ በቅዳሜዬ፣ የማንም ያልሆነ መሬት ጭገር እላጫለሁ።

ተዳፋቱን ተውኩት። አሁን በዓመት አንዴ በመጸው መጨረሻ በእጅ በሚያዝ መቁረጫ እየወረድኩ ቁጥቋጦውን ብቻ እመታለሁ። የጫካው ሥር ሜዳም ሲቀነስ፣ ለቀረው ሁለት ኤከር ተኩል ገደማ 60 ኢንች አያስፈልግም፤ 54 ወሰድኩ። የተበየደ ዴክ፣ የካዋሳኪ ሞተር፣ ስድስት ሺህ ዶላር ከምናምን። ከልዩነቱ የተረፈውን ጸደቅኩበት፤ ከሥሩ ምንጭ ያለውን መቀመጫ አስገጠምኩ። ሌላውን ሁሉ ብረሱ ይህን አትርሱ። ሞተሩ በሰዓት ስምንት ማይል ልሂድ ቢልም፣ ፍልፈል ባጎደጎደው መሬት ላይ ፍጥነቱን የምትወስነው ወገብህ ናት። የኔዋ ስድስት ላይ ታቆመኛለች።

የመጣ ዕለት በሩ አላስገባ አለ። የማደሪያው በር አምስት ጫማ ነው፣ ለክቼ ነበር፣ ማሽኑም 54 ኢንች ነው፣ ስድስት ኢንች ይተርፋል። ያልለካሁት ሣሩን ወደ ጎን የሚተፋውን የጎማ ምላስ ነው፤ እሱ ብቻውን አንድ ጫማ ይጨምራል። ቆሜ በሩን ስለማፍረስ ሳስብ፣ ያመጣው ልጅ ምላሱን በእግሩ ጫፍ ወደ ላይ አጠፈው፣ ነዳው፣ አስገባው። አልሳቀብኝም። ዞር ብሎ የሳቀ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ቅዳሜም ክብር የለበትም። በረንዳው ሥር ለባለቤቴ ላሳያት ብዬ አንዱን ጎማ ቀጥ አድርጌ በሌላው ተሽከረከርኩ፤ የቆመው ጎማ ሣሩን ከነሥሩ ቦጭቆ የጨረቃ ግማሽ የሚያህል ጠባሳ ተወ። አሁንም አለ። ሁለቱም ጎማ ሁልጊዜ መንቀሳቀስ አለበት፤ አንዱ በዝግታም ቢሆን ወደ ኋላ እየሄደ። እጅ እስኪለምደው አንድ ወር ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ግን ስለ ማሽኑ ማሰብህ ይቀራል። ዛፉ ጋ ትደርሳለህ፣ ዛፉ ይዞራል። ሠላሳ አንዱም። አሁን ለሁሉ ነገር አንድ ሰዓት ከሩብ ይበቃኛል።

የጫካው ሥር ሜዳ ቀረ። እሱን ሚያዝያና ግንቦት ሳልነካው አሳደግኩት፤ እዚህ ያለው ሣር ፌስኪው የሚሉት ነው፣ ብርድ ይወዳል፣ በጸደይ እንደ እብድ ያድጋል። ግንቦት መጨረሻ ላይ ወገብ ደረሰ፣ ራስ አወጣ፣ ነፋስ ሲመጣ ይተኛና ይነሳል። ከአጥሩ ማዶ የድርቆሽ ማሳ ያለው ጎረቤቴ፣ ሽማግሌ ገበሬ፣ በፒካፑ ቆሞ ሲያየው ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው መጣና፣ «ካልፈለግከው እኔ የኔን ሳጭድ በዚያው ላጭድልህ፤ ድርቆሹን እወስዳለሁ» አለኝ። ልከፍለው የተዘጋጀሁትን ነገር በነፃ ሊሠራልኝ ነው የሚጠይቀኝ፣ ፊቱም የሚለምን ሰው ፊት ነው። ሣር ገንዘብ መሆኑን የሚያውቅ ሁለተኛ ሰው ማለት ነው።

ሰኔ ላይ ሦስት ቀን ፀሐይ ሲያገኝ አጨደው፣ ገለበጠው፣ አሰረው። ልጄ ስልኳን ይዛ ለአያቷ በቪዲዮ ደወለችላት። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ማሽኑ እስሩን አንድ በአንድ ሲጥል ታያለች።

«ቁጠሪልኝ» አለቻት።

ቆጥራ «ስልሳ አንድ» አለች።

«ስልሳ አንድ! ከዚያች ቦታ? ዝናብ ነክቶታል?»

«አልነካውም እማዬ፣ አሽትቼዋለሁ» አልኩ ከኋላ።

ደስ አላት። የሰውየውን ላሞች ካላሳያችሁኝ አለች፤ ስልኩን ወደ አጥሩ አዞርንላት። ጥቋቁር፣ ቀንድ የለሽ፣ ጀርባቸው እንደ ጠረጴዛ ሰፊ። ትክ ብላ አየቻቸው።

«በቀን ስንት ሊትር ይሰጣሉ?»

«አይታለቡም። የሥጋ ናቸው።»

ስልኩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ዝም አለች።

«አንዷም?»